ሐተታው የማን ነው? ከጋይንት እስከ ኦክስፎርድ

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የዜማ ተማሪ ከጎጃምም ይነሳ ከትግራይ፣ ድጓ አወቀ ለመባል በመጨረሻ የቤተልሔም መምህር ፊት መቅረብ አለበት። በ1850ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዚህች ደብር ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጠው ግዕዝ የሚያጠኑ አንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነበሩ። አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይባላሉ። የተወለዱት በ1814 ሉካ ከተማ አጠገብ ነው። ምንኩስና ከመቀበላቸው በፊት የነበራቸው የክርስትና ስም ጃኮፖ ነበር፤ በእኛ አጠራር ያዕቆብ። ይህ ስም ከሞታቸው በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ትልቅ ክርክር ውስጥ ገብቷል።

አባ ጁስቶ ኢትዮጵያ የገቡት በ1846፣ እኛ አቡነ ማስያስ እያልን ከምንጠራቸው ከጉልየልሞ ማሳያ ጋር ነው። ተልእኮው የታሰበው ለኦሮሞ አገር ነበር፤ እሳቸው ግን በጌምድር ቀሩ። በስብከት ያገኙት ሰው ጥቂት ነው። በትምህርት በኩል ግን ከዘመናቸው ሚስዮናውያን የሚስተካከላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፣ ሰዋስው ጻፉ፣ ከፈረንሳይኛም ወደ አማርኛ ተረጎሙ።

በዚሁ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ አንቷን ዳባዲ የሚባሉ ሰው የኢትዮጵያን መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። ከ1838 እስከ 1848 አገራችንን ዞረው፣ ካርታዋን አንስተው፣ ብዙ ብራና ይዘው የተመለሱ ምሁር ናቸው። ከተመለሱም በኋላ ፍላጎታቸው አልበረደም። መጽሐፍ እየፈለጉ እንዲገዙላቸው፣ የማይሸጠውን እንዲገለብጡላቸው ለአባ ጁስቶ ገንዘብና ወረቀት ይልኩ ነበር። አባ ጁስቶም በሚጽፉላቸው ደብዳቤ ያገኙትንና ያጡትን መጽሐፍ ይዘረዝራሉ፤ አልፎ አልፎም የልባቸውን ያወጡላቸዋል፣ በእምነታቸው ላይ የገባባቸውን ጥርጣሬ ጭምር።

በ1852 ከእነዚህ ደብዳቤዎች በአንዱ አዲስ ነገር መጣ። አባ ጁስቶ ከዚህ በፊት ማንም ያልጠቀሰው፣ የአክሱም ተወላጅ የሆነ ሰው ስለ እምነትና ስለ አእምሮ የጻፈው ሐተታ እጃቸው መግባቱን አስታወቁ። በዓመቱ ቅጂውን ወደ ፓሪስ ላኩ። በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጂ ተገኘ፤ በዚህኛው ከመጀመሪያው ደራሲ ቀጥሎ የደቀ መዝሙሩም ሐተታ ታክሎበታል። መምህሩ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ናቸው።

አባ ጁስቶ ስለ መጽሐፉ ተጠይቀው የሚመልሱበት ዕድሜ አላገኙም። በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ጭነው ከአቡነ ሰላማ ጋር ሲስማሙ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ጁስቶም ወጡ። በሱዳን በኩል ተመልሰው ለመግባት ሲሞክሩ በ1856 ካርቱም ላይ ሞቱ። የ42 ዓመት ሰው ነበሩ።

ዳባዲ በ1859 የስብስባቸውን ዝርዝር አሳተሙ። 234 መጻሕፍት አሉበት። ሐተታው ሁለት ቦታ ላይ ተመዝግቧል፤ የዘርዓ ያዕቆብን ብቻ የያዘው ቁጥር 234፣ ሁለቱንም የያዘው ቁጥር 215 ነው። ከዚያ ወዲያ ለአርባ ዓመት ያህል ማንም ገልጦ ያነበባቸው አይመስልም። ዳባዲ በ1897 ሞቱ፤ መጻሕፍቱም በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

ሐተታውን ከመደርደሪያ ያወረዱት አንድ ሩሲያዊና አንድ ጀርመናዊ ናቸው። ቦሪስ ቱራዬቭ በ1903 እና በ1904 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በሩሲያኛ አስተዋወቁት። በዚያው በ1904 ኤኖ ሊትማን የሁለቱንም ሐተታዎች የግዕዝ ንባብ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙ። ሊትማን ከሁለት ዓመት በኋላ የጀርመንን የአክሱም ጥናት ቡድን መርተው ሐውልቶቹን የለኩት፣ ጽሑፎቹን ያነበቡት ሊቅ ናቸው። በአውሮፓ ግዕዝ የሚያውቁ ሰዎች ተደነቁ። እስከዚያ ድረስ ከኢትዮጵያ ይመጣላቸው የነበረው ገድል፣ ተአምር፣ ዜና መዋዕልና የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ «የማምነውን ለምን አምናለሁ?» እያለ ራሱን የሚመረምርበት ድርሰት ግን አልጠበቁም።

ድርሰቱ የሚተርከው እንዲህ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አገር ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ሰዎች ወርቄ ይሉት ነበር። ዜማ ተማረ፣ ቅኔ ተቀኘ፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ዘለቀ፣ ከዚያም አክሱም ተመልሶ ለአራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ የዓፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሏል፤ በ1625 የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አገሩን ሁሉ ወደ ካቶሊክ ለማዞር እየተጋ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ ሲያስተምር የግብጾቹንም የፈረንጆቹንም ትርጓሜ አጠገብ ላጠገብ ያስቀምጥ ስለነበር ሁለቱም ወገን ጠመደው። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን ለንጉሥ ከሰሰው። ያለውን ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ጠፋ።

ወደ ሸዋ ሲያመራ ከተከዜ አጠገብ ሰው የሌለበት ዋሻ አገኘ፤ ሁለት ዓመት ተቀመጠበት። ከሐተታው ሁሉ ጥልቁ ክፍል እዚህ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻው ዳዊት ይደግማል፤ ሲደግም ግን አንድ ጥያቄ ይወጋዋል። ይህን ጸሎት የሚሰማ አለን? ከዚያ ተነስቶ ያስባል። እኔን ማን ፈጠረኝ? አባትና እናቴ። እነሱንስ? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይደርሳል። ፈጣሪ ካለ ደግሞ ማስተዋልን የሰጠ እሱ ነውና ማስተዋል አይጎድለውም፤ ስለዚህ ይሰማል። ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ነው። ሰው ሁሉ «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማነው? ፈረንጁም ግብጹም፣ እስላሙም አይሁዱም የሚናገሩት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በመጨረሻ ዳኝነቱን የሰጠው ፈጣሪ ለሰው ሁሉ ላኖረው የልቡና ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ሲመረምር ምንኩስናን ነቀፈ፣ የጾም ሥርዓትን ጠየቀ፣ የሴቶችን የወር ግዳጅ ርኩስ የሚለውን የኦሪት ሕግ ተቃወመ፣ ብዙ ሚስት ማግባትን አልተቀበለም፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን አወገዘ።

በ1632 ሱስንዮስ ሥልጣኑን ለፋሲለደስ ሲለቅ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። እንፍራዝ ደርሶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት አረፈ፤ ዳዊት እየጻፈ ልጆቹን አስተማረ። ሚስት በፈለገ ጊዜ ዓይኑ ያረፈው በቤቱ አገልጋይ በሂሩት ላይ ነው። ሐተታው መልኳ ያማረ አልነበረም ይላል፤ ደግነቷን፣ አስተዋይነቷንና ትዕግሥቷን ግን ይመሰክራል። ሀብቱ «ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን» ሲለው ዘርዓ ያዕቆብ እምቢ አለ። የሚፈልጋት ሚስቱ እንድትሆን እንጂ ገረዱ እንድትሆን አይደለም፤ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸውና። ሐተታውን በወልደ ሕይወት ልመና የጻፈው የ68 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ነው፤ እስከ 93 ዓመቱ እንደ ኖረ ደቀ መዝሙሩ መስክሯል።

የወልደ ሕይወት ድርሰት ጠባዩ ሌላ ነው። መምህሩ ለራሱ ሲጽፍ ደቀ መዝሙሩ ለሕዝብ ይጽፋል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ይመክራል፣ ተረትና ምሳሌ ይጨምራል። ሁለቱን ተከታትሎ ያነበበ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል።

ሊትማን በ1916 ሐተታውን በጀርመንኛ ደግመው አሳተሙት። ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን የጻፈበት ዘመን በ1667 አካባቢ ይውላል፤ የዴካርት የዘዴ ድርሰት ከወጣ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የሎክ ትልቁ የአእምሮ ጥናት ከመታተሙ ሃያ ዓመት በፊት ማለት ነው። የተከዜው መናኝ ከእነሱ ጋር አብሮ የሚነሳ ፈላስፋ ሊሆን ነው ተባለ።

ከዚያ 1920 መጣ።

ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በዘመኑ ከነበሩ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ሁሉ ብዙ የሠሩ ጣሊያናዊ ናቸው። በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ሐተታውን የደረሱት ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው አሉ። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ የአድዋ ካቶሊክ ካህን ምስክርነት ነው። እኒህ ካህን በወጣትነታቸው አባ ጁስቶን ያውቋቸው ነበር፤ መጽሐፉ የአባ ጁስቶ ሥራ ነው የሚል ወሬም አብረዋቸው ከነበሩ ሰዎች ሰምተዋል። ሁለተኛው ማስረጃ ዝምታው ነው። ከጋይንቱ መነኩሴ በፊት ይህን ድርሰት አየሁ ያለ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የለም፤ የታወቁት ሁለት ቅጂዎችም በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ሦስተኛው ሐሳቡ ነው፤ ሃይማኖቶችን ሁሉ በአእምሮ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ይሸታል ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስደነግጠው ግን ስሙና ቀኑ ነው። ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ፣ መነኩሴው ያዕቆብ። ዘርዓ ያዕቆብ የተወለደው ነሐሴ 25 ነው። ይህ ቀን ዛሬ ኦገስት 31 ላይ ይውላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር ኦገስት 30 ላይ ነበር የሚውለው። አባ ጁስቶ የተወለዱት ኦገስት 30 ነው። አንድ ሰው ስሙንም የልደት ቀኑንም ደራሲ አድርጎ በፈጠረው ሰው ላይ ደብቆ ፈርሟል የሚለው ክስ የተነሳው ከዚህ ነው። ይህን አጋጣሚ አቅልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም፤ በዓመት ውስጥ ያሉት ቀናት 365 ናቸው፣ ያዕቆብ የሚል ስምም በኢትዮጵያም በጣሊያንም የተለመደ ነው።

በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ክሱን አጠናከሩ። አባ ጁስቶ ወደ አማርኛ የመለሱትን «የካርታጎ ምሽቶች» የተባለ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አሳትመው፣ በመግቢያው ላይ «ፈላስፎች ናቸው የተባሉት» ሁለቱ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም አሉ። ሐተታውን ለዓለም ያሳተሙት ሊትማንም በኋላ ከዚሁ ወገን ቆሙ። በአውሮፓ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ለአርባ ዓመት ያህል የሐተታው ስም የሚነሳው እንደ ማታለል ምሳሌ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ኮንቲ ሮሲኒ በ1935፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ሊያዘምት ሲሰናዳ፣ ኢትዮጵያ በሥልጣኔ መራመድ አትችልም የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አሳትመዋል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ኢትዮጵያዊ ፈላስፋን ለማመን ልቡ የተዘጋ መሆኑን መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት አይደለም። ቢሆንም በ1920 ያቀረቧቸው ማስረጃዎች በ1935 በጻፉት አይሻሩም፤ ምስክርነቱም ቀኑም በየራሳቸው መመዘን አለባቸው። ሚትቮኽ ደግሞ ከናዚዎች ሸሽተው ለንደን የሞቱ አይሁዳዊ ነበሩ። ሐተታውን የተጠራጠረ ሁሉ ኢትዮጵያን የናቀ ነው ማለት እውነቱን ያዛባል።

በኢትዮጵያ በኩል መልሱ የመጣው በመታተም ነበር። በ1955 ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ አሥመራ ውስጥ ሐተታውን በግዕዝና በአማርኛ አሳተሙት። ቀጥሎም የቅኔው ሊቅ ዓለማየሁ ሞገስ ተከራከሩለት። የሙግታቸው ጉልበት ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ ግዕዝን ለጥቂት ዓመታት የተማረ የውጭ ሰው፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ እንኳ ቢሆን፣ ዳዊትን በየመስመሩ እንደዚህ ከሐሳብ ጋር አዋህዶ ሊጽፍ አይችልም የሚል። አንድ ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ለመያዝና ቅኔ ለመቁጠር ምን ያህል ዘመን እንደሚወስድበት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አይጥለውም።

ነገሩን ከሥር የመረመሩት ግን ክሎድ ሰምነር ናቸው። ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ሲሆኑ በ1953 አዲስ አበባ መጥተው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፍልስፍና ያስተምሩ ጀመር፤ ከዚያም የሥራ ዘመናቸውን እዚሁ ፈጸሙ። ከ1974 እስከ 1982 ባለው ጊዜ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርዕስ አምስት ትላልቅ ጥራዞች አወጡ። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን፣ ስክንድስና ፊሳልጎስ በእነዚህ ውስጥ ተተርጉመው ተተነተኑ። በ1976 እና በ1978 የወጡት ሁለቱ ግን ሙሉ በሙሉ ለሐተታው የተሰጡ ናቸው። ዓመቶቹን ልብ ይሏል፤ አብዮቱ፣ ቀይ ሽብሩ፣ የዩኒቨርሲቲው መታመስ በነበረበት ጊዜ ነው ይህ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ታትሞ የወጣው። በዚያው በ1976 ስለ አፍሪካ ፍልስፍና ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ጠርተዋል።

ሰምነር ከአንድ ሰው ምስክርነት ይልቅ ጽሑፉን ራሱን ማመን መረጡ። የሁለቱን ሐተታዎች ቃላት ቆጠሩ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሱትን እየለቀሙ አነጻጸሩ፣ ከአባ ጁስቶ ሌሎች ጽሑፎችም ጋር አስተያዩ። የደረሱበት መደምደሚያ ሁለቱ ሐተታዎች የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው፣ መነኩሴው አልጻፏቸውም የሚል ነው። አንድ አስመሳይ ሁለት የማይመሳሰሉ ነፍሳት ፈጥሮ ሁለቱንም በግዕዝ ማናገር እንዴት ቻለ? ሰምነር ያነሱት ጥያቄ ዛሬም ክብደቱ አልቀነሰም። እሳቸው በ2012 ሞቱ። ከጥራዞቻቸው መውጣት በኋላ ሐተታው ከኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ክበብ ወጥቶ የአፍሪካ ፍልስፍና መማሪያዎች ውስጥ ገባ፤ ቴዎድሮስ ኪሮስም በ2005 ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሙሉ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

በ2013 ነፋሱ እንደገና ዞረ። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን በተከታታይ ማሳተም በጀመሩት ረጅም ጥናት ወደ ምንጩ ተመለሱ፤ ወደ አባ ጁስቶ ደብዳቤዎች፣ ወደ ፓሪሶቹ ቅጂዎች፣ ክርክሩ ራሱ በየዘመኑ ወዳለፈበት መንገድ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚታዩት አባ ጁስቶ ቀደም ሲል ከታሰበው በላይ የተማሩ፣ በሃይማኖታቸው የተጨነቁ፣ በሐሳባቸው ለሐተታው የሚቀርቡ ሰው ናቸው። ዊዮን ድርሰቱ የእሳቸው ነው ብለው ደመደሙ። ጥናቱን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው፣ ባይቀበለውም እንኳ፣ ከሰምነር ጥራዞች ጋር እኩል ሊመዝነው ይገባል።

ከአራት ዓመት በኋላ ያልተጠበቀ ድምፅ ተሰማ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሚኒሶታ ውስጥ በሂል ቤተ መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲመዘግቡ ኖሩ። ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ፎቶ የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ አልፈዋል። ግዕዝን እንደሳቸው ያነበበ የዘመናችን ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጌታቸው ቀድሞ ከኮንቲ ሮሲኒ ጋር የሚስማሙ ነበሩ። በ2017 ግን ሐሳባቸውን መለወጣቸውን ጻፉ። ወርቄ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሊቅ በእርግጥ ሐተታ ጽፏል፤ እጃችን ያለው ቅጂ ደግሞ ሚስዮናዊው የነካካውና የራሱን የጨመረበት ነው አሉ።

ይህ ሦስተኛ መንገድ ብዙ ሊታሰብበት ይገባል። ለመቶ ዓመት ጥያቄው «እሱ ወይስ እሳቸው?» ተብሎ ሲቀርብ ቆየ። ጋይንት ውስጥ መጽሐፍ የሚሠራው ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አይደለም። የሚያነብ ደብተራ፣ የሚገለብጥ ጸሐፊ፣ የሚያርም መምህር አለ። አባ ጁስቶን ግዕዝ ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። ጠቅላላ ፈጠራ ነው የሚለው ወገን እንኳ ትክክል ቢሆን፣ ያ ፈጠራ የተቀመመው በኢትዮጵያ ሊቃውንት ግዕዝና ዳዊት ነው።

በዚያው በ2017 መጨረሻ ኖርዌያዊው የሐሳብ ታሪክ ጸሐፊ ዳግ ሄርብዮርንስሩድ ዘርዓ ያዕቆብን ከአውሮፓ የብርሃን ዘመን ፈላስፎች ቀድሞ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አወጡ፤ ጽሑፉ በብዙ አገር ተነበበ። የተከዜው ዋሻ ስለ ፍልስፍና ታሪክ ምንም በማያውቅ ሰው አፍ ሳይቀር ገባ። ለተመራማሪዎቹ ግን ይህ ራስ ምታት ሆነ። ስሙ በታወቀ ቁጥር ጥያቄው በማስረጃ ሳይሆን በስሜት የሚመለስ መሰለ፤ አንዱ ለአፍሪካ ክብር ብሎ ያምናል፣ ሌላው ክብር ፍለጋ ነው ብሎ ይክዳል።

በ2022 የጸደይ ወራት ሁለቱ ወገኖች ኦክስፎርድ ውስጥ ዎርስተር ኮሌጅ ተገናኙ። «ዘርዓ ያዕቆብን ፍለጋ» የተባለውን ጉባኤ ካዘጋጁት መካከል ወጣቶቹ የፍልስፍና ታሪክ ተመራማሪዎች ሊያ ካንቶርና ጆናታን ኤጊድ ይገኙበታል። የፊሎሎጂ ሰዎች፣ ፈላስፎችና የታሪክ ተመራማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በዚህ መጽሐፍ ላይ ሲወያዩ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። አሰላለፉም ሰው እንደሚገምተው አልነበረም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የፍልስፍና መምህር ፋሲል መራዊ ሐተታውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፍልስፍና አድርጎ መቀበልን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ናቸው፤ የሐተታው ጠበቆች ከሚባሉት ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ያልሆኑ ብዙዎች አሉ። ከዚህ በኋላ የክርክሩን ወገን በተከራካሪው ዜግነት መገመት ቀረ።

በ2023 ራልፍ ሊ፣ ከመሐሪ ወርቁና ከፕሪንስተኗ ዌንዲ ሎራ ቤልቸር ጋር ሆነው ሁለቱንም ሐተታዎች ከግዕዙ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ በሰፊ መግቢያና በማብራሪያ አሳተሟቸው። ሰምነር ከተረጎሙት ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልወጣም ነበር። እነሱ ወደ ኢትዮጵያዊው ደራሲ ያደላሉ። በመግቢያቸው ግን የተቃዋሚዎቹን ማስረጃ አልሸሸጉም፤ አንባቢው ራሱ እንዲመዝን ዘርግተውለታል። በማግስቱ ዓመት፣ በ2024፣ ከኦክስፎርዱ ጉባኤ የወጡት ጥናቶች በካንቶር፣ በኤጊድና በፋሲል መራዊ አዘጋጅነት በአንድ ጥራዝ ታተሙ። የሚክደውና የሚያምነው ጎን ለጎን ቀርበዋል፤ የሂሩት ጋብቻ፣ የዋሻው ጸሎት፣ የልቡና ብርሃን ሁሉም በየራሳቸው ተተንትነዋል። ሐተታው ዋጋ ያለው ሐሳብ መያዙን የሚጠራጠር በጥራዙ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የተከራከሩት ሐሳቡ በማን ራስ ውስጥ እንደተጸነሰ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የመስክ ሥራ ነው። ሐተታው ዳዊትን የሚጠቅስበትን ንባብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ ዳዊቶች ጋር በየቃሉ ማስተያየት አለ። የአባ ጁስቶን ግዕዝ ከሐተታው ግዕዝ ጋር፣ የእጅ ጽሕፈቱን ከቅጂዎቹ ጋር ማመሳከር አለ። ከሁሉ በላይ ግን ከጋይንቱ መነኩሴ እጅ ያላለፈ፣ ከ1852 የሚቀድም አንድ ቅጂ፣ ወይም ቅጠሉ የተገነጠለ ቁራጭ እንኳ ቢገኝ የመቶ ዓመቱ ሙግት በአንድ ቀን አቅጣጫውን ይለውጣል። ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ከመዘገቧቸው መጻሕፍት መካከል እንዲህ ያለ አልተገኘም። በእንፍራዝ፣ በአክሱም ዙሪያና በተከዜ ግራና ቀኝ ግን ዕቃ ቤታቸው ገና ያልተመዘገበ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው።